ሳያስፈቅድ የማይሠራው ሳጥን

አካም ቡልተን፣ ጋሽ ገመዳ? ነጋ? በሰላም አደሩ? ይምጡ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ፤ ጥላው በዚህ በኩል ነው። ጉልበትዎ እንዴት አደረ? የአዳማን ነፋስ ዛሬ ደግሞ ማን እንዳስቀየመው እንጃ፣ ከባጃጅ ወርጄ እዚህ በር እስክደርስ አፌ ሁሉ አቧራ ሆነ። ደራ ዘነበ ወይ? ጥጆቹስ? እሰይ፣ እሰይ። ከብት ሲደላው የሰውም ፊት ይፈካል።

ኮሚቴው የተጠራው ለአራት ሰዓት ነው፣ ገና ግማሽ ሰዓት አለን። እርስዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል፣ እኔ ተከሳሽ… አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሰው ቢያየን ምን ይላል? ምንም አይልም። እርስዎ ዕቃ ቤት፣ እኔ ኔትወርክ፣ ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረን ዛሬ ሰላም ሳንባባል ብናልፍ ነው ሰው የሚገርመው። ልባረር ወይስ ልቆይ፣ እሱን ውስጥ ገብታችሁ ትመክሩበታላችሁ። እኔ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፍስም፤ ደንብ ነው። እንዲሁ ዝም ብለን እንጫወት።

መስኮቱን ነው? አይ፣ አይዝጉት ጋሽ ገመዳ። ከኋላችን የማን ቢሮ እንዳለ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ሰውየውም ውስጥ ናቸው፣ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሲመቱ ይሰማኛል። ሙቀት ነው፣ አየር ይግባላቸው። ደግሞ ሐሜት ልናወራ መሰለዎት እንዴ? ስም ካልተጠራ ምን ሐሜት አለ? መልካም መልካሙን ብቻ ከተወራማ ቢሰማስ ማን ይጎዳል?

አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ እኔ የማደንቃቸው። አለቃዬ ናቸው አልልም፣ አይደሉም አልልም። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፣ በማዕረግ ግን አባቴ። እሳቸው ሳይመጡ በፊት እንዴት እንደምንኖር ያስታውሳሉ? ከአዳማ ወደ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ የኪራይ የኔትወርክ መስመር ብቻ ነበረን። ደራ አንድ፣ አዳሚ ቱሉ አንድ፣ ኩየራ አንድ። መስመሩ ተቆረጠ ማለት ቅርንጫፉ ታወረ ማለት ነው፤ የእንስሳት መድኃኒትም አይሸጥ፣ ዘርም አይወጣ። ያኔ «ወርቅውሃ ትጠራ» ይባላል። ወርቅውሃ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ስንት ጊዜ ነው በጭነት መኪና ጋቢና ኩየራ የገባሁት? ስንት ጊዜ ነው አዳሚ ቱሉ ጣራ ላይ ወጥቼ ፀሐይ የጠበሰችኝ? እንዴት ያለ ኋላ ቀር ዘመን ነበር መሰለዎት… ሰው ሲደውል እንኳ ስልክ ይነሳ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን እግዜር አየንና እሳቸውን ሰጠን። የተማሩ ናቸው። የቢሯቸውን ግድግዳ አይተውታል? ሰርተፍኬቱ ስለሞላው ቀለም የሚቀባ አልጠራንም፤ ለድርጅቱም ቁጠባ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለነበረች «የተማረ ይግደለኝ» የምትል አባባል አፏ ላይ አትጠፋም ነበር። ይኸው ለልጇ ደረሰላት።

እውነት ለመናገር ያመጡት ነገር ድንቅ ነው፤ ይኼን ስል አሽሙር የለበትም። እኔ በእጄ የነካሁት ዕቃ ነው፣ እወደዋለሁም። በየቅርንጫፉ አንድ ሳጥን ይሰቀላል፤ የጫማ ካርቶን አታህልም። ፋይበሩም፣ ከመሬት በታች የሚመጣው መስመር፣ ወደ እሷ ይገባል፣ ሁለት ሲም ካርድም ይገባባታል። ፋይበሩ ሲቆረጥ ሳጥኗ ራሷ ታያለች፣ ራሷ ወደ ሲሙ ትዞራለች። አንዱ ሲም ሲደክም ወደ ሌላው ታልፋለች። ውስጥ ያለው ሰው ሥራውን ይቀጥላል፣ መቆረጡንም አያውቅም። የሁሉም ቅርንጫፍ ሳጥን ደግሞ ትዕዛዝ የሚቀበለው አዳማ ካለ አንድ ስክሪን ነው። ኤስዲ-ዋን ይሉታል። ስሙ ፈረንጅ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የአባቶቻችን ነው፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።

ሲያስረዱን ትዝ ይልዎታል? አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር። «መቆጣጠሪያው እዚህ ግቢ ውስጥ አይደለም፣ ደመና ላይ ነው» አሉን። እርስዎ ደግሞ ከኋላ ተነሥተው «ታዲያ ይዘንባል?» ብለው ጠየቁ፣ ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ቁም ነገረኛ ሰው ናቸዋ። እኔማ በልቤ ላም አለኝ በሰማይ ልል ነበር፤ ተውኩት፤ ለካ ላሟ በሰማይ ብትሆንም ወተቷ ይወርዳል፤ አላቢዋ ቢሯቸው ካሉ።

የምርቃቱ ዕለትማ እንዴት ያለ ቀን ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሁላችንም ሰማያዊ ቲሸርት ለበስን። እኔ የደራዋን፣ የአዳሚ ቱሉዋን፣ የኩየራዋን ሳጥን በእጄ ሰቅዬ፣ በመጨረሻም የዋናውን መሥሪያ ቤት ሽቦ ስቤ ገና ከጣራ መውረዴ ነበርና ልብሴ ቆሽሿል። ፎቶ ሲነሳ ትንሽ ወደ ጎን እንድል በጨዋ ደንብ ነገሩኝ። ወደ ጎን አልኩ። ፎቶው አምሮ ወጣ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቅሏል፣ ያዩት እንደሁ አንድ የኔ ክንድ ይታያል።

እርስዎ የማኅተም ዘመን ሰው ነዎት፣ ጋሽ ገመዳ፤ ስለዚህ ይኼ ቶሎ ይገባዎታል። ድሮ አንድ ሥራ አስኪያጅ አልነበሩንም? ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው አርሲ ለቅሶ የሚሄዱት? ሰልስት እስኪወጣ እኛም እዚህ እጃችንን አጣጥፈን አብረን እናዝን ነበር። ሾፌር መውጫ የለው፣ መድኃኒት ፈራሚ የለው። ግን ማንም አይፈርድባቸውም። ማኅተምና ሚስት ለሰው አይሰጥም ይባል ነበራ። ያ ዘመን አለፈ ብለን ነበር። አለፈም። ዛሬ ማኅተም የለም፤ ኮድ ነው ያለው። መሳቢያም የለም፤ ስልክ ነው። ኮዱ የሚመጣበት ስልክም አንድ ብቻ ነው። አዩልኝ ዘመናዊነት?

ሳጥኗ እንደመጣች ራሷ ነበር የምትወስነው፤ የተሠራችውም ለዚያ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት ደራ ላይ ፋይበር ተቆርጦ፣ ሳጥኗ ማንንም ሳታስቸግር ወደ ሲም ዞራ፣ የገበያ ቀን ሽያጭ ያለ አንድ ችግር ዋለ። እኔ በደስታ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ማን ፈቅዶላት ነው መስመር የምትቀይረው አሉኝ። እኔ እንግዲህ ያልተማርኩ፣ ይኼ ጥያቄ መሆኑም አልገባኝም ነበር። ውለው አድረው ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። እዚህ ግቢ ዘበኛው በሩን ሊከፍት ያስፈቅዳል፤ ጸሐፊዋ ወረቀት ልትገዛ ታስፈቅዳለች፤ እኔ ጥርሴን ልነቀል አስፈቅጃለሁ። ታዲያ ትናንት ከካርቶን የወጣች ሳጥን ምን ስለሆነች ነው በራሷ የምታዝዘው?

ስክሪናቸው ላይ አንዲት ምልክት አጠፉ፣ አንዲት ምልክት አበሩ፣ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኗ መስመሯ ሲቆረጥ ራሷ አትዞርም፤ ጥያቄ ታቀርባለች። ጥያቄው እሳቸው ስልክ ላይ ይመጣል፣ ያጸድቃሉ፣ ከዚያ ትዞራለች። ራሱ የሚያስብ ዕቃ በውድ ገዝተን፣ ሳያስፈቅድ እንዳያስብ አደረግነው ማለት ነው። ይኼን የሠሩት ፈረንጆች ቢያዩ ምን የሚሉ ይመስልዎታል? ባላ ሁለት ትከል፣ አንዱ ቢሰበር… ማመልከቻ ጻፍ። አባቶቻችን ይቺን ረስተዋት ነበር፣ እሳቸው ሞሉላቸው።

ደግሞ አያጸድቁም እንዳይሉኝ። ቢሮ ካሉ በደቂቃ ነው የሚያጸድቁት፤ እጃቸው ፈጣን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የኩየራዋ ሳጥን ከጠዋት እስከ ማታ ጠበቀች፤ እሳቸው አውሮፕላን ውስጥ ነበሩ። አውሮፕላን ውስጥ ስልክ መዝጋት ሕግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሕግ አክባሪ ናቸው። ኩየራ ያሉት ልጆች የዚያን ቀን ደረሰኝ በእጃቸው ሲጽፉ ዋሉ። ለጽሕፈታቸውም ጠቅሟቸዋል፣ ወጣት ሁሉ የእጅ ጽሑፉ ተበላሽቷል ይባል የለ?

እኔ ሞኟ ያን ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሳቸው በሌሉ ጊዜ የሚያጸድቅ ሁለተኛ ሰው ይወከል፣ እኔ ባልሆንም ማንም ይሁን ብዬ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እሳቸው ግን ብርቱ ናቸው፤ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ቁልፍ ሲበዛ ቤት ይዘረፋል ብለው መለሱልኝ፤ የደብዳቤው ግርጌ ላይ «ታይቷል» ብለው ከነቀኑ ፈረሙበት። እንዴት ያለ ያማረ ፊርማ መሰለዎት። ፋይሌ ውስጥ ተያይዞ ይሆን? ላይያያዝም ይችላል፣ ወረቀት ይጠፋል። ይቺ? ይቺማ ኮፒው ናት። ሙቀቱ ሲበዛ ማራገቢያ ትሁነኝ ብዬ ነው ይዣት የመጣሁት። እንኩ ይያዟት፣ እርስዎንም ያልብዎታል።

እንግዲህ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ አዳሚ ቱሉ አካባቢ አባ ሰንጋ ገባ። ለእርስዎ አባ ሰንጋን አልነግርዎትም፤ ማታ ሲያመሰኳ ያዩት በሬ ጠዋት ወድቆ ይገኛል። ሦስት በሬ ሞተ። ክትባቱ ደግሞ የኛ ቅርንጫፍ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። የወረዳው የከብት ሐኪሞች በረዶ የሞላ ሳጥናቸውን ተሸክመው ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆመዋል። ገበሬው ከብቱን ነድቶ፣ ክትባቱ የሚሰጥበት ሜዳ ላይ ሰብስቦ ይጠብቃል። የቅርንጫፉን ኃላፊ ኢፍቱን ያውቋታል፣ ቁጥብ ልጅ ናት፣ ለትንሹም ለትልቁም አትጮኽም።

በዚያ ቀን መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ሲቆፍሩ ፋይበሩን በጠሱት። በሁለት ሰዓት ተኩል። ማን ይፈርድባቸዋል? መሬት ውስጥ ያለ አይታይም። ሲስተሙ ቆመ። ሲስተሙ ሲቆም የመውጫ ትዕዛዝ አይታተምም፤ ያለ መውጫ ትዕዛዝ ደግሞ ከዕቃ ቤት መርፌ አይወጣም። ይኼን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፣ ኢፍቱም የርስዎ ተማሪ ናት፣ አላወጣችም። ሁለቱም ሲም ካርዶች ደህና ነበሩ፤ ሙሉ ኔትወርክ ነበራቸው። ሳጥኗ ጤነኛ ነበረች። እንደታዘዘችው በትሕትና ጥያቄ ላከች፣ ተቀምጣ ፈቃድ ጠበቀች። ከሷ የሚበልጥ ታዛዥ እዚህ ድርጅት ውስጥ ማን አለ?

እሳቸው የዚያን ቀን ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ ዐውደ ጥናት ላይ ነበሩ። ንግግር ሊያደርጉ ተጋብዘው። ርዕሱ ምን ነበር መሰለዎት? «የማይቋረጥ ኔትወርክ»። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ስልኩን ድምፅ ያጠፋል፣ ጨዋነት ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ባለጌ ሆኜ ነው እንጂ አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። በጽሑፍም ላክሁ፦ አዳሚ ቱሉ ቆሟል፣ ክትባት መውጣት አልቻለም፣ እባክዎን ያጽድቁልን። በሻይ ዕረፍት ላይ አነበቡት፤ መነበቡን ስልኬ አሳየኝ። መልስም ሰጡኝ። አውራ ጣታቸውን ላኩልኝ። ያቺ ቢጫዋ፣ ወደ ላይ የቆመችዋ። እኔ ተበረታታሁ፤ ሳጥኗ ግን አውራ ጣት ማንበብ አልተማረችም።

ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ኢፍቱ ደወለች። እያለቀሰች ነው። ሐኪሞቹ በረዷችን እየቀለጠ ነው፣ ነገ እንመለሳለን ብለዋታል። ገበሬውም በፀሐይ የደከመ ከብቱን ወደ ቤት ሊመልስ ተነሥቷል። ኦቦ ዲዳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ስድስት ከብት ይዘው የመጡ፣ ከሞቱት ሦስት በሬዎች አንዱ የእሳቸው የነበረ፣ አጠገቧ ቆመው ነበር። ልጅቷ ሳጥኗ ፈቃድ እየጠበቀች ነው ብላ ልታስረዳቸው ትሞክራለች። ድምፃቸው በስልኩ ይሰማኛል። ቀስ ብለው በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ልጄ፣ በሽታውስ ፈቃድ ይጠብቃል?» አሏት።

ለዚህ መልስ ካለ ልስማው፣ ጋሽ ገመዳ። እርስዎ አለዎት?

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ክሱ ላይ ጽፈውታል፤ በጥሩ አማርኛ ነው የጻፉት። ከሳጥኗ በፊት የምንሠራበት አሮጌው ራውተር ይወገድ ተብሎ ሲታዘዝ አላስወገድኩትም ነበር፤ የቅርንጫፉ መደርደሪያ ላይ በካርቶኑ አስቀምጬው ነበር፤ የድሃ ልማድ ነው። ኢፍቱን በስልክ እየመራኋት፣ ሳጥኗን አልፋ፣ ሲሙን አውጥታ አሮጌው ላይ፣ ድሮ ማንም ተጠቅሞበት በማያውቀው የሲም ቦታ፣ ሰካችው። አሥራ ሁለት ደቂቃ። የመውጫ ትዕዛዙ ታተመ፣ ክትባቱ በበረዶው ወጣ፣ እስከ ማታ አምስት መቶ ምናምን ከብት ተወጋ። ኦቦ ዲዳም ከብቶቻቸውን አስወግተው ነው የሄዱት። ኃጢአቴ ይኼ ነው። አልክድም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳቸው ስክሪናቸውን ሲከፍቱ የማይታወቅ ዕቃ አዳሚ ቱሉ ላይ አዩ። ያን ጊዜ ስልክ ተደወለ። ወዲያው። እኔም በመጀመሪያው ጥሪ አነሣሁት፣ ደንብ አላውቅማ። የድርጅቱን የኔትወርክ ደኅንነት ያለ ፈቃድ መጣስ ተባለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልል ነበር፣ እዚህ ግን ጅብም የለ ውሻም የለ፣ ሁላችንም ሰዎች ነን።

ከፍቶኛል። ይኼን ያለ አሽሙር ነው የምነግርዎት። የክሱን ደብዳቤ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በሃያ አንድ ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ የለብኝም፤ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ቤት ገብቼ ለልጆቼ ሳልነግር ሦስት ቀን ቆየሁ። ያናደደኝ መከሰሴ አይደለም። እኔ በደንቡ ተጠያቂ ነኝ፣ ልጠየቅ። ያናደደኝ ያን ዕለት ማታ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ክትባቱ ደረሰ ወይ ብለው አለመጠየቃቸው ነው።

እንዲህ ስል ደግሞ የተቆጣሁ እንዳይመስልዎት። እሳቸውን የሚያስቆጣ ምን አለ? እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደርሶዎታል አይደል? ለኮሚቴ አባላት ሁሉ ተበትኗል። ገጽ ሰባትን አይተውታል? አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው፣ የክረምት መስክ ይመስላል። ደራ ጥሩ፣ ኩየራ ጥሩ። አዳሚ ቱሉ ደግሞ ከሁሉም በላይ፦ በሩብ ዓመቱ ውስጥ ለአንዲት ደቂቃ አልተቋረጠም ይላል። ለአንዲት ደቂቃ። በዚህም ምክንያት ከማኔጅመንቱ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸዋል፤ ግድግዳው ላይ ቦታ ፈልገው ሰቅለውታል።

እኔ መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ እኩለ ቀን ሊደርስ ምንም የለ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ይኼ አልተቋረጠም ከተባለ ምን ተባለ? በኋላ ጠይቄ ገባኝ። ሳጥኗ «ፈቃድ በመጠባበቅ ላይ» ስትሆን እንደ መቋረጥ አይቆጠርም አሉኝ። መጠበቅ ነው እንጂ መቋረጥ አይደለም። እንዴት ያለ ጥልቅ አስተሳሰብ ነው? ይኼንን ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ለኦቦ ዲዳም እነግራቸው ነበር፤ በሬዎ አልሞተም፣ ክትባት በመጠባበቅ ላይ ነው እላቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ ብሎኛል። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ያስረዱኝ። የክሱ ወረቀት እኔ ያለፍኩት፣ የቆመ ሳጥን እንዳለ ይናገራል። ገጽ ሰባት ደግሞ አዳሚ ቱሉ ምንም ነገር አልቆመም ይላል። ካልቆመ እኔ ምኑን አልፌ ነው የምባረረው? ከቆመ ደግሞ… አይ፣ እኔ አላልኩም። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይዋሽም። ምናልባት እኔ ማንበብ ከብዶኝ ይሆናል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይኖር ይሆን? ሌላው ባያደርገው፣ የዕቃ ቤት ሰው ግን ልማዱ ነው፤ የገባውንና የወጣውን ሳያስተያይ አይፈርምም።

ሰሙ? ኮምፒውተሩ ዝም አለ። ደክሟቸው ይሆናል። ሲሠሩ ነው ያደሩት ብለውኛል፤ ለኔ ጉዳይ ማስረጃ ሲያዘጋጁ። ስለኔ እንዲህ የደከመ ሰው እዚህ ግቢ ኖሮ አያውቅም። የነገሩን አካሄድ ካዩት ደግሞ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ነገር አለ፤ እኔ ግን እላለሁ፣ ዳዋውም መመታቱ ካልቀረ እንዲህ በተማረ ሰው ዱላ መመታት ክብር ነው።

አሁን ቢያባርሩኝ ቂም የምይዝ እንዳይመስላቸው። በአካል ቀርቤ እንዳልነግራቸው፣ ቀጠሮ በመጠባበቅ ላይ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ቢሯቸው ስሄድ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ኮሪደር ላይ ሳያቸው ስልክ ይዘዋል። ስለዚህ በእርስዎ በኩል ነው ሰላምታዬን የምልከው፤ ሲገናኙ ይንገሩልኝ። ወይም… አይንገሩ፣ ምናልባት ደርሷቸው ይሆናል።

ያውልዎት፣ ያቤጽ ከበር ላይ እጁን እያወዛወዘ ነው፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ሲጠራ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። እጅዎን ይስጡኝ፣ ጉልበትዎን ቀስ አድርገው ይነሡ። ማራገቢያዋን ይዘዋት ይግቡ፣ ውስጥም ይሞቃል።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሳንገባ። የእኚያ የማደንቃቸው ሰው ልጅ ዘንድሮ በኮምፒውተር ትመረቃለች አሉ፣ ሰምተዋል? የጋዋን ፎቶዋን በስልካቸው ሲያሳዩ ነበር። እንዴት ያለች ቆንጆ ልጅ ናት፤ ዓይኗ የሥራ ሰው ዓይን ነው። እኔም እናት ነኝና ደስ ብሎኛል፣ ክፉ አላስብም። እመቤቴ ማርያም ከፊት ከኋላዋ ትሁንላት። ሥራ ቶሎ ይያዝላት። ከልቧ የምትሠራ፣ በችግር ቀን ሰው ጥሎ የማይሄድ ጠባይ ይኑራት። ሃያ አንድ ዓመት ደክማ ታገልግል፣ ፀጉሯ በሥራዋ ይሸብት። በገባችበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ በቀኝ በግራዋ፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ጡረታዋ ድረስ… እንደ አባቷ ያለ አለቃ አያሳጣት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ ገመዳ።